የረቂቃን ቀላቢ

ሰው በሙያው መጠራቱ ከጥንት የነበረ ልማድ ስለ ሆነ፣ ሠርግ ቤት ወይም ክርስትና ቤት ገብቼ ገና ወንበር ሳልይዝ «እኒህ ሰውዬ የጀርም ሊቅ ናቸው» ተብዬ ለታዳሚው ስተዋወቅ ቅር ሊለኝ ባልተገባም ነበር፤ ዳሩ ግን ይህ ቃል ከተነገረበት ደቂቃ አንሥቶ ባለቤቲቱ የወጡን ድስት ከደን እንደ ማድረግ፣ ጠጅ ቀጂው ብርሌውን ደጋግሞ እንደ መወልወል፣ ከጎኔ የተቀመጠውም እንግዳ የቆረሰውን እንጀራ በአየር ላይ አንጠልጥሎ ፊት ፊቴን እንደ ማየት ይላሉና፣ ለግብዣ የተጠራሁ ሰው መሆኔ ቀርቶ ለቁጥጥር የተላክሁ የመንግሥት ሹም እመስላለሁ።

«ዶክተር፣ ይህ ነገር ይበላል?» የሚለው ጥያቄ በተለይ ክትፎ ሲቀርብ የማይቀር ነው። ይበላል ብል ከነገ ወዲያ ሆዱን የቆረጠው ሁሉ ፈቃድ የሰጠሁት እኔ መሆኔን ያስታውሳል፤ አይበላም ብል ደግሞ ድግስ አፍራሽ ተብዬ ለከርሞ ማኅበር አልጠራም። ስለዚህ ከብዙ ልምድ በኋላ፣ ጥያቄው ሲመጣ አፌ በጉርሻ ሞልቶ እንዲገኝ ማድረግ ከመልስ ሁሉ የተሻለ መሆኑን ተረድቼአለሁ።

ሁለተኛው ፈተና ማዕረጉ ነው። ዶክተር የተባለ ሁሉ ሐኪም የሚመስላቸው ደጋግ ሰዎች በዝተዋልና፣ አንዱ ምላሱን አውጥቶ ያሳየኛል፤ ሌላው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ያልሻረ ቁስል ይገልጥልኛል፤ ሦስተኛው ካለፈው ክረምት ሕመሙ የተረፉ ሁለት ፍሬ እንክብሎች ከኮት ኪሱ አውጥቶ «ለጉንፋንም ይሆናሉ፣ አይደል?» ይለኛል። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፣ የባክቴሪያ መድኃኒት ደግሞ ቫይረስን አይነካውም ብዬ ማስረዳት ስጀምር እንክብሎቹ ወደ ኪስ ይመለሳሉ፤ የተሻለ ዶክተር እስኪገኝም በዚያው ይቆያሉ። እኔስ ማዕረጌን የተቀበልሁት ስለ ሰው አካል ተመራምሬ ሳይሆን ስለ ጤፍ ሊጥ ጽፌ ነው፤ ይህንንም በገለጥሁ ጊዜ በፊታቸው ላይ የሚታየው ሐዘን ለእኔ ይሁን ለመንግሥት ገንዘብ እስከ ዛሬ ለይቼ አላወቅሁም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ሙያችንን የግድያ ሙያ አድርገው መቁጠራቸው ነው። የረቂቃን ተሕዋስያን መምህር ሲባል ጎራዴውን መዝዞ በየጓዳው ጀርም የሚያሳድድ አርበኛ ይመስላቸዋል። መግደልማ የሳሙናና የፈላ ውኃ ሥራ ነው፤ ለዚህ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። እኛ ዕድሜያችንን የምንፈጀው እነዚህን ዓይን የማያያቸውን ፍጥረታት በሕይወት ለማኖር ነው፤ ቤት ሠርተን፣ መኝታ አሙቀን፣ ማዕድ አሰናድተን፣ የሚወዱትን ከሚጠሉት ለይተን፣ በልተው ጠግበው እስኪዋለዱ ድረስ ደጅ እንጠናቸዋለን። የሙያው ምሥጢር እንግዳ ተቀባይነት ነው፤ እንግዳውም ምስጋና የማያውቅ፣ አንዳንዴም ባለቤቱን የሚገድል ነው።

ማዕዳቸውን ያየ ሰው ይፈርድልኛል። ብዙዎቹ የሥጋ መረቅ ካልቀረበላቸው አያድጉም፤ ከእነዚህ ይልቅ የተቀማጠሉት በመረቁ ላይ ከመቶ 5 እጅ ያህል የበግ ደም እንዲጨመርላቸው ይሻሉ፤ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ደግሞ እንቁላል ተመትቶ፣ ከድንች ዱቄትና ከግሊሰሪን ጋር ተዋሕዶ፣ በለዘብተኛ ሙቀት ረግቶ ካልቀረበለት አይቀምስም። ይህ ሁሉ ከተጋባዡ በቀር ሌላ ነፍስ እንዳይነካው በሙቀት ነጽቶ፣ ተከድኖ፣ ስምና ቀን ተጽፎበት ሲሰናዳ የመምህሩ ልጆች በዚያው ሰሞን ሽሮ ይበላሉ፤ ይህንንም እንደ ሮሮ ሳይሆን እንደ ታሪክ እናገራለሁ።

በምሠራበት ቤተ ሙከራ ዕቃ አጣቢም መረቅ አብሳይም የነበሩ አንድ አረጋዊ ነበሩ። ጾመ ሁዳዴ በገባ ቁጥር የመረቁ ሽታ መተላለፊያውን ሲሞላው የጋቢያቸውን ጫፍ በአፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው፣ ማሰሮውን በክንዳቸው ርዝመት ያህል አርቀው ያማስሉ ነበር። አንድ ቀን ትዕግሥታቸው አልቆ «ጌታዬ፣ እኛ አምሳ አምስቱን ቀን ስንጾም እነሱ በሥጋ ይሰነብታሉ?» አሉኝ። ክርስትና ያልተነሣ ፍጥረት የጾም ግዴታ የለበትም ብዬ ብመልስላቸው ጥቂት አሰብ አድርገው «እሱስ ልክ ነዎት፤ ሲገድሉ ግን ሃይማኖት አይለዩም» ብለው ወደ ማሰሮአቸው ተመለሱ። እኔ በዚህ ርእስ ላይ ለክፍል ያዘጋጀሁት ትምህርት ከዚህ የረዘመ ነበር እንጂ ከዚህ የበለጠ አልነበረም።

እንግዶቻችን በጠባይም እጅግ ይለያያሉ። በሰው አንጀት የሚኖረው ኤሼሪሺያ ኮላይ የተስማማውን ስፍራ ሲያገኝ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል፤ ማታ የዘሩት ጧት ደርሶ ይጠብቃል። የሳንባ ነቀርሳው ግን አንድ ጊዜ ለመከፈል ቀኑን ሙሉ ለማለት ጥቂት የቀረው ጊዜ ይወስዳል፤ በሳሕን ላይ በዓይን እስኪታይ ከ3 እስከ 8 ሳምንት ያስጠብቃል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ከሚያድሩት ሁለት የማስተርስ ተማሪዎች ፊተኛውን የመረጠው ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ፣ ሽማግሌ ሲልክ ኋለኛውን የመረጠው ገና ጠርሙስ ያያል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት በእኛ ዘንድ ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ የሥራ መመሪያ ነው፤ እንቁላሉም አለበት።

ከሁሉ የባሰው እንቢተኛ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን በ1873 (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በበርገን ከተማ በሕሙማን ገላ ላይ ካየው ወዲህ፣ የዓለም ሊቃውንት መረቅ ቢያቀርቡለት፣ ደም ቢያቀርቡለት፣ እንቁላል ቢያቀርቡለት፣ በሳሕን የቀረበ ነገር እስከ ዛሬ አልበላም። በአይጥ መዳፍ ውስጥና አርማዲሎ በተባለው ጥሩር ለባሽ የአሜሪካ አውሬ ሰውነት ውስጥ ግን ያድግላቸዋል፤ እዚያም ቢሆን አንድ ጊዜ ለመከፈል ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። በእኛው አዲስ አበባ በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በዚህ ሰው ስም የተሰየመው ባክቴሪያውን ያገኘው እርሱ ስለ ሆነ ነው፤ በዚያ የሠሩ ምሁራን ማዕዱን ለማይነካ እንግዳ የሚከፈለውን ትዕግሥት ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ።

የማዕዱን ነገር ካነሣሁ ዘንድ የአንዲት ወይዘሮ ውለታ ሳይነገር ሊያልፍ አይገባም። በ1881 ግድም በበርሊን የነበሩት እነ ሮበርት ኮህ ባክቴሪያን ነጣጥለው የሚያሳድጉበት ጠጣር ገበታ አጥተው፣ አንዴ በተቀቀለ ድንች ቁራጭ ላይ፣ አንዴ በጄላቲን ላይ ይሞክሩ ነበር፤ ነገር ግን ጄላቲኑ የበጋው ሙቀት ሲበረታ ይቀልጣል፤ ከዚያም አልፎ አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ገበታውን ራሱን ይበሉታል። ይህን ጊዜ ዋልተር ሄሰ የተባለው ሐኪም ተቸግሮ ቢያዩት ሚስቱ ወይዘሮ ፋኒ ሄሰ በማዕድ ቤት ለማርማላታ የሚጠቀሙበትን አጋር የተባለ የባሕር ተክል ጭማቂ እንዲሞክር ነገሩት። ወይዘሮዋ ይህን ሙያ በልጅነታቸው ኒው ዮርክ ሳሉ በጃቫ ደሴት ኖረው ከመጡ የደች ጎረቤቶች የተማሩት ነበር። አጋር ከፈላ በኋላ ቀዝቅዞ ይረጋል፤ ከረጋም ወዲያ በሰው ገላ ሙቀት አይቀልጥም፤ ባክቴሪያም ብዙውን ጊዜ አይበላውም።

ኮህ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ምክንያት ለዓለም በገለጠበት ጽሑፍ አጋርን በአንዲት ዐረፍተ ነገር ጠቀሰው፤ የወይዘሮዋን ስም ግን አልጠቀሰም። በ1887 የኮህ ረዳት የነበረው ዩልየስ ፔትሪ ክዳን ያለውን ጠፍጣፋ ሳሕን አወጣና እስከ ዛሬ በምድር ላይ ባለ ቤተ ሙከራ ሁሉ የፔትሪ ሳሕን እየተባለ ይጠራል። እንግዲህ የሳሕኑ ባለቤት ስሙ ሲዘከር የምግቡ ባለቤት ተረስታለች ማለት ነው፤ ድግስ አውጥቶ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም።

እኔም በበኩሌ ትምህርቴን ያገኘሁት ከማዕድ ቤት ነው። ለዶክትሬት ጥናቴ እርሾ መሰብሰብ ባስፈለገኝ ጊዜ በሙቀት የነጹ ጠርሙሶቼን ይዤ በሰፈራችን ሁሉ እማማ ወደሚባሉት ጎረቤቴ ቤት ሄድሁ።

«እርሾ ነው የፈለግኸው? ሚስትህ ማቡካት ተወች እንዴ?» አሉኝ።

«ለምርምር ነው፣ እማማ።»

«እርሾ ደግሞ ምኑ ይመረመራል? ይቦካበታል እንጂ!»

ይህን ብለው ግን አልነፈጉኝም። የቡሃቃውን ክዳን አንሥተው፣ በሊጡ ላይ የጠለለውን ቢጫ ውኃ በጣሳ ቀድተው፣ ጠርሙሴ ውስጥ ከመጨመራቸው በፊት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አቅንተው ተመለከቱና «አጥበኸዋል?» ብለው ጠየቁኝ። በ121 ዲግሪ ሙቀት የነጻ ዕቃ ይዞ እንዲህ መጠየቅ ለአንድ ሳይንቲስት ቀላል ነገር አይደለም።

በእርሾው ውስጥ ያየሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሊጡ በተቦካ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ከዱቄቱ፣ ከውኃውና ከዕቃው የመጡ ልዩ ልዩ ባክቴሪያዎች ቀድመው ማዕዱን ይይዛሉ፤ ቀጥሎ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩት እየበዙ መጥተው ሊጡን ያኮመጥጡታል፤ ኮምጣጣነቱ ሲበረታና ፒኤች የተባለው መለኪያ ከ4 በታች ሲወርድ ፊተኞቹ መቋቋም ተስኗቸው ያልቃሉ፤ ኮምጣጣውን ከሚችሉት ፈንገሶች ጋር ላክቲኮቹ ይነግሣሉ። ከፊተኞቹ መካከል የሰውን ሆድ ሊያውኩ የሚችሉ ዘመዶች አሉና፣ እንጀራ ከምጣዱ እሳት በፊት አንድ ጊዜ በኮምጣጣነቱ ይነጻል ማለት ነው። እማማ ከቡሃቃው የሚቀዱት ጠላ መሳይ ውኃ እንግዲህ በዚህ ሁሉ ጦርነት ድል ያደረጉት ተሰብስበው የሚኖሩበት ነው።

ጽሑፉ ሲያልቅ ውለታቸውን ለመክፈል ግኝቴን ለእማማ ላስረዳ ሄድሁ። እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳመጡኝ። «እና መቼ ጠፋኝ?» አሉ፤ «መጀመሪያ ሽታው አይጥምም፤ ኋላ ይኮመጥጣል፤ ውኃው ሲጠልል ደርሷል። ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀብህ?» የዓመቱን ቁጥር ነገርኋቸው፤ ለዚያ ሁሉ ጊዜ እንጀራ ያበላችኝን ሚስቴን አመስግነው ቡና አፈሉልኝ።

ከባሕር ማዶ ያለው ገምጋሚ ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቀቀኝም። በእኛ ሙያ አንድ ሰው ከረዳት ፕሮፌሰርነት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት፣ ከዚያም ወደ ሙሉ ፕሮፌሰርነት የሚወጣው በታተሙለት የምርምር ጽሑፎች ስለ ሆነ፣ ስሙ ከማይታወቅ ገምጋሚ የሚመጣው ደብዳቤ እንደ ይግባኝ ችሎት ብይን በፍርሃት ይከፈታል። ገምጋሚው ትጉህ ሰው ነበርና በትሕትና እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ ለመቡኪያ የዋለው እርሾ አምራች ድርጅት ማን ነው? የምርቱስ መለያ ቁጥር ስንት ነው? እኔም ተጨንቄ እማማን ብጠይቃቸው እርሾውን ከአማታቸው፣ አማታቸውም ከእናታቸው መቀበላቸውን፣ ከዚያ በፊት ያለውን ግን የሚያውቁት ሁሉ ማረፋቸውን ነገሩኝ። በመልሴ ላይ «በውርስ የተገኘ» ብዬ ጻፍሁ። ጽሑፉ ታተመ፤ እንዴት እንዳለፈ ግን ገምጋሚው ብቻ ያውቃል።

ይህን ስል በእንዶድ ላይ የደረሰው ትዝ ይለኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ አዩ፤ እነዚህም ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያ በሽታ ተሸካሚዎች ስለ ሆኑ ምን እንደ ተገኘ ወዲያው ገባቸው። ነገር ግን ልብስ አጣቢዎቹ ከጥንት ሲይዙት የኖሩትን ተክል ለዓለም ሊቃውንት ለማስታመን የተደረገው ሙግት ሙሉ ትውልድ ሊያህል ጥቂት ቀረው፤ ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። ስለዚህ እኔ በአንድ ደብዳቤ በመገላገሌ ዕድለኛ ነኝ እላለሁ።

ማስተማሩም የራሱ ጣጣ አለው። መጻሕፍቶቻችን የተጻፉት ከባሕር ወለል ብዙ በማይርቁ አገሮች ስለ ሆነ፣ ዕቃ የሚነጻበትን ኦቶክሌቭ የተባለውን ጋን «መርፌው 15 ፓውንድ ሲያሳይ ሙቀቱ 121 ዲግሪ ነው፤ 15 ደቂቃ ያቆዩት» ይላሉ። አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ውኃ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላባታል፤ አየሩ ስስ ስለ ሆነም የተባለው ሙቀት እንዲገኝ መርፌው ወደ 19 ፓውንድ መጠጋት አለበት። መጽሐፉን በቃሉ የያዘ አንድ ጎበዝ ተማሪ ይህን ሲሰማ «ታዲያ መጽሐፉ ተሳስቷል ማለት ነው?» አለኝ። መጽሐፉስ አልተሳሳተም፤ እንጦጦን አላየም እንጂ።

ሌላው መከራ ፍሌሚንግ ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ከዕረፍት ሲመለስ በሳሕኑ ላይ ሻጋታ በቅሎበት፣ በሻጋታውም ዙሪያ ባክቴሪያው ሟሙቶ አግኝቶ ለፔኒሲሊን መገኘት ምክንያት መሆኑን በመጀመሪያው ሳምንት ማስተማር የእኛ ልማድ ነው፤ ባናስተምረው ግን ይሻል ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ እጁን ሳይታጠብ የሠራ፣ ክዳን ሳይከድን የሄደ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እየተባለ የተመከረና ያልሰማ ተማሪ ሁሉ ሳሕኑ ሲሻግት «መምህር፣ ይህ ምናልባት...» ብሎ ይመጣል። ባሳለፍሁት የማስተማር ዘመን ከሻገቱት ሳሕኖች አንዱም ፔኒሲሊን አልሆነም፤ አንዱም ተማሪ ግን ተስፋ አልቆረጠም።

ከእነዚህ ይልቅ የምወዳቸው ጣታቸው የቀለመ ተማሪዎች ናቸው። ዴንማርካዊው ግራም በ1884 ያወጣውን የቀለም ዘዴ ሲማሩ ሐምራዊው ቀለም ከባክቴሪያው ይልቅ በእነርሱ ቆዳ ላይ ጸንቶ ይቀራል። ሎሚ ቢያሹበት፣ በረኪና ቢነክሩበት አይለቅም። በዚያ ሰሞን በካፌው በር ቆሞ እጅ እጃቸውን ያየ ሰው የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችን ሳይጠይቅ ይለያቸዋል።

ቤተ ሰብም በዚህ እንግዳ ተቀባይነት መጎዳቱ አልቀረም። የትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴ ወጥተን፣ ዶሮው ተሠርቶ፣ ድፎው ተቆርሶ ሊፈሰክ ሲል፣ በማሞቂያው ሣጥን ውስጥ በ37 ዲግሪ የተውኋቸው ትዝ ብለውኝ ቆቤን አነሣለሁ፤ የሚታዩበት ሰዓት ካለፈ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነውና። ሚስቴም መሶቡን መልሳ እየከደነች «እነሱ መቼ ጾመው ነው ዛሬ የሚፈስኩት?» ትላለች። የማትናገረውን ደግሞ በዓይኗ ትናገረዋለች።

መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ሰው ሁሉ ሻማ ሲፈልግ እኔ ጄኔሬተር እፈልጋለሁ። አንድ ጊዜ ማቀዝቀዣው ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጧት ቆሞ፣ ከብዙ አገር የተሰበሰቡ እንግዶች በአንድነት ቀልጠው አገኘኋቸው። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል፤ እኔ ለማልቀስ ስዘጋጅ ዘበኛው ገብተው ዙሪያውን ቃኙና «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንድም ዕቃ አልተሰረቀም» ብለው አጽናኑኝ።

ጡረታዬ በደረሰ ጊዜም በእጄ ያለውን ንብረት እንዳስረክብ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ ማይክሮስኮፑ አንድ በአንድ ተቆጥሮ በሞዴል 19 ገቢ ሆነ፤ የንብረት ክፍሉ ሹም ጥንቁቅ ሰው ነበሩና የቀረ እንዳለ ጠየቁኝ። ማቀዝቀዣውን ከፍቼ በየአውራጃው ከሊጥ፣ ከእርጎ፣ ከቦርዴና ከቆጮ የለየኋቸውን ባክቴሪያዎች አሳየኋቸው።

«በቁጥር ስንት ናቸው?»

«አይቆጠሩም።»

«የማይቆጠር ንብረት የለም፣ ፕሮፌሰር።»

«ማታ የቆጠሩት ጧት ይለያያል ማለቴ ነው።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ሲጎድል ነው ወይስ ሲበዛ?»

«ሲበዛ ነው።»

«እኔ በሥራ ዘመኔ ጎድሎ የተጠየቀ ሰው እንጂ በዝቶ የተጠየቀ አላየሁም» አሉ፤ ጥቂትም ካሰላሰሉ በኋላ በመዝገቡ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት «ጠርሙስ፣ ትናንሽ፣ ከነቆሻሻው» ብለው መዘገቡ። እኔም በፈረምሁበት ስፍራ የመንግሥት ማኅተም አረፈበት።

እንግዲህ ከአንባብያን መካከል በረቂቃን ተሕዋስያን ትምህርት የተመረቀ ልጅ ወይም ዘመድ ያለው፣ ወይም ራሱ ፈቃደኛ የሆነ ቢኖር ይህን ማስታወቂያ ከወግ ለይቶ ያንብብልኝ። እንግዶቹ በየጥቂት ወሩ ወደ አዲስ ምግብ መዛወር አለባቸው፤ ምግቡም ውድ አይደለም፤ ለላክቲኮቹ ስኳርና የእርሾ ጭማቂ ያለበት መረቅ ይበቃቸዋል። ደመወዙ የታወቀ የመምህር ደመወዝ ነው። በቦታዬ የሚተካ ሰው እስካሁን አልተቀጠረም፤ የንብረት ክፍሉም ያልታጠበ ጠርሙስ ወደ መጋዘን እንዳይገባ ደንብ አለው። ስለዚህ የሚመጣ ሰው ካለ ከመታጠባቸው በፊት ይድረስ።